ያ ገንዘብ ምን ደረሰ?



በቤታችን ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ አንድ አሮጌ ኮፍያ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሲሰጠኝ ነጭ ነበር፤ ዛሬ ጭሱና አቧራው መልኩን ለውጦታል። በግንባሩ ላይ የአንድ ትልቅ የጤና እርዳታ ድርጅት ምልክት ታትሞበታል። ልጆቼ ቤት ሲጠርጉ፣ «አባ፣ ይህን ነገር ለምን አትጥለውም?» ይሉኛል። እኔም፣ «ተዉት፣ ይቀመጥ» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ስለምወደው አይደለም፤ ዕዳ ስለነበረበት ነው። ዛሬ ታሪኩን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ልጆቼም ሲያነቡት ይወቁት።

ጉዳዩ የትልልቆቹ የጤና እርዳታ ድርጅቶች ጉዳይ ነው። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ለምን ይረዱናል? በሕመምተኛ ስም የሚሰበሰበው ያ ሁሉ ገንዘብስ የት ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ በየቡናው ላይ፣ በየሰርጉና በየለቅሶው ይነሳል። ገሚሱ «አላህ ይስጣቸው» ብሎ ይመርቃል፤ ገሚሱ «በእኛ ስም የሚበሉ ናቸው» ብሎ ይረግማል። ሁለቱም ወገን ሳያጣራ ነው የሚናገረው። እኔም ለብዙ ዓመታት አንዴ ከመራቂዎቹ፣ አንዴ ከረጋሚዎቹ ጋር ስቆም ኖሬአለሁ። ከሁለቱም መንገድ ያወጣኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። ወደ እሱ እደርሳለሁ።

የሦስት ቀን ስልጠና

ነገሩ የተጀመረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ነው። በወሎ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ መድረሳ አስተምር ነበር። ደመወዜ በወር 250 ብር ነው፤ እሱም የወላጆች መዋጮ ሲሟላ ብቻ። በዚያን ጊዜ ስለ ኤች አይ ቪ ኤድስ የሚያስተምር አንድ ትልቅ ድርጅት የሃይማኖት አስተማሪዎችንና የዕድር ዳኞችን ለሦስት ቀን ስልጠና ጠራን። ቦታው ከከተማችን አንደኛ በሆነው ሆቴል ነበር።

እውነቱን ልመስክር፤ ትምህርቱ ጥሩ ነበር። ሕመምተኛን መሸሽ በደል መሆኑን፣ በሽታው በሰላምታና በማዕድ እንደማይተላለፍ ተረድተን ወጥተናል። ከዚያ ወዲህ በጎረቤቴ የነበረን አንድ ሕመምተኛ ሳልፈራ ገብቼ ጠይቄአለሁ፤ ሲሞትም ጀናዛውን ተሸክሜአለሁ። ይህን የማገኘው ከዚያ ስልጠና ነው።

ይሁን እንጂ ዓይኔ ሌላም ነገር አየ። በቀን ሁለት ጊዜ ሻይና ኬክ፣ ምሳ በሥጋ፣ ለያንዳንዳችን ቦርሳ፣ ካናቴራና ኮፍያ ተሰጠን። ከጎኔ የተቀመጠች የጤና ጣቢያ ነርስ ኮፍያውን በእጇ እያገላበጠች፣ «ኡስታዝ፣ እኛ ዘንድ ጓንት ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እናቶችን የምናዋልደው እጃችንን በላስቲክ ሸፍነን ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምሳው በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ ብል እዋሻለሁ። በላሁ፤ ጣፈጠኝም።

በሦስተኛው ቀን ማታ አበል የሚከፈልበት ሰዓት ደረሰ። ሰነዱ ላይ ስሜ ፊት ለፊት አምስት ቀን ተጽፏል፤ ሦስቱ የስልጠና፣ ሁለቱ የመምጫና የመመለሻ ቀን። የእኔ ቤት ከሆቴሉ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። «እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ» ብዬ ለገንዘብ ከፋዩ ነገርኩት። ሰውየው ቀና ሳይል፣ «ሁሉም ፈርሟል ኡስታዝ፤ አንተ ካልፈረምክ ሒሳቡ አይገጥምልኝም» አለኝ። የቀኑ አበል 70 ብር ነው። አምስት ቀን 350 ብር ሆነ፤ ከወር ደመወዜ በለጠ። ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ልቤም አልደነገጠም። እንዲያውም በመንገድ ላይ ለልጆች ሙዝ ገዝቼ «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ገባሁ። ከዚያ ውስጥ 140 ብሩ የማን እንደሆነ ያን ቀን አልጠየቅኩም።

ለልብ የሚል መስመር የለም

በሚቀጥለው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ ታመመ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ድምፁ የሚያምር፣ ቁርኣን ሲቀራ መንገደኛ የሚያስቆም። መጀመሪያ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን አመመው፤ እናቱ «እድገት ነው» አለች። ቆይቶ ግን አንድ ገጽ ሳይጨርስ ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ደሴ ተወስዶ ሲመረመር ልቡ ተጎድቷል ተባለ። ሐኪሙ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳን። ልጅ ጉሮሮውን ታሞ በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ ያ በሽታ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ቆይቶ መገጣጠሚያውን ያሳብጣል፤ የልቡንም በሮች ያበላሻል። መነሻው ላይ ፔኒሲሊን ይበቃዋል። አንዴ ልብ ከተነካ በኋላም ቢሆን በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ መርፌ እየተወጋ ጉዳቱ እንዳይባባስ ይደረጋል። ጉዳቱ ከገፋ ግን ቀዶ ጥገና ነው።

እናትየው ባሏ የሞተባት፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ነች። የሐኪሙን ወረቀት ይዛ መጥታ፣ «ኡስታዝ፣ አንተ ከነዚያ ሰዎች ጋር ትተዋወቃለህ» አለችኝ። እኔም ይለዩኛል ብዬ ያንኑ ኮፍያ አድርጌ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ።

የተቀበለኝ ኃላፊ መልካም ሰው ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያም መሳቢያውን ስቦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የበጀት ሰነድ አወጣና መስመር በመስመር እያሳየ ተረጎመልኝ፦ «ኡስታዝ፣ ይኸው፣ ለመስተንግዶ የሚል አለ። ለኮፍያና ለካናቴራ የሚል አለ። ለስብሰባ አዳራሽ የሚል አለ። ለልብ የሚል የለም። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ባዛውር የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ከኪሱ 50 ብር አውጥቶ ሰጠኝና እስከ በር ሸኘኝ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ሰው ጨካኝ አልነበረም። ድርጅቱም ሌባ አልነበረም። ገንዘቡን የሰጠው ወገን ሩቅ አገር ሆኖ የበሽታውን ስም ጽፎ ልኮታል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የኤድስ መርሐ ግብር በአፍሪካ የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚክድ ሐቅን ይክዳል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ገንዘብ ከነስሙ ነው የሚመጣው። የዓለም ጤና ጉባኤ ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣውን የልብ በሽታ በተመለከተ ለብቻው ውሳኔ ያሳለፈው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የእኔ ተማሪ ያኔ ከታመመ አሥር ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ስለ ትልልቆቹ ድርጅቶች ስንጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰረቁ ወይ?» ሳይሆን «የትኛው ሕመምተኛ እንደሚቀድም የወሰነው ማነው? ሕመምተኛውስ ተጠይቋል ወይ?» መሆን አለበት።

ከባሕር ማዶ የሆነው

ያን ቀን ተቆጥቼ ከረጋሚዎቹ ጎራ ገባሁ። የሚነገረውን ሁሉ መሰብሰብ ያዝኩ። ቆይቼ ሳጣራ ከሰማሁት ውስጥ ውሸት የሆነ ብዙ ነበር፤ እውነት የሆነም ነበር። እውነት ከሆነው ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከሃምሳዎቹም ክፍለ አገሮች ጋር ሆኖ አራት የካንሰር እርዳታ ድርጅቶችን በአንድነት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ በካንሰር ሕመምተኞች ስም ሰብስበዋል። ገንዘብ ለሚያሰባስቡላቸው ቅጥረኞች ከያንዳንዱ ስጦታ 85 በመቶውንና ከዚያም በላይ የሚከፍሉበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለሕመምተኛ የታሰበው ገንዘብ ለመኪና፣ ለመርከብ ሽርሽር፣ ለዩኒቨርሲቲ ክፍያና ለኮንሰርት ትኬት ውሏል ተባለ። በመጨረሻም ድርጅቶቹ እንዲዘጉ ተደረገ። አስቡት፣ ልጇ በካንሰር የሞተባት እናት ሌላ እናት እንዳታለቅስ ብላ የላከችው ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው እንዲህ ግልጽ ያልሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ስለ ጌትስ ፋውንዴሽን አንድ ምርመራ አወጣ። ፋውንዴሽኑ በናይጀሪያ የኒጀር ደለል አካባቢ ሕፃናት የፖሊዮና የኩፍኝ ክትባት እንዲያገኙ ገንዘብ ይሰጣል። በዚያው ጊዜ ገንዘቡን ለማርባት ድርሻ የገዛው፣ በዚያው አካባቢ ጋዝ እያቃጠሉ አየሩን ከሚበክሉ የነዳጅ ኩባንያዎች ውስጥ ነበር። ክትባቱ እውነት ነው፤ ጭሱም እውነት ነው። አንድ እጅ የሚያክመውን ሌላው እጅ ሲያሳምመው ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ሦስተኛው በውጭ ያለ ሆኖ ወደ ቤቴ የመጣብኝ ነው። ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ የጀመረው ግሎባል ፈንድ የራሱ መርማሪዎች በጥቂት አገሮች ማጭበርበር አግኝተው ነበር። ይህ በ2011 በዜና ሲነዛ ጀርመንና ስዊድን ክፍያቸውን አገዱ። ከነዚያ አገሮች አንዷ ማሊ ናት፤ የሙስሊም አገር። ማጭበርበሩ በምን ነበር ብትሉ፣ በስልጠና ስም ነው። በአበል፣ በአልጋና በጉዞ ሰነዶች ላይ የሐሰት ፊርማ ተገኘ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ከበሩ ጀርባ ወዳለው ኮፍያ ሳልፈልግ ዞሬ አየሁ። «እነርሱ በሉት» ስል የኖርኩት እኔ ራሴ ከ«እነርሱ» አንዱ ሆኜ ተገኘሁ።

ሚዛኑን እናስተካክል

ከነዚህ ታሪኮች ተነስቶ «ሁሉም ያው ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም።

የጊኒ ዎርም በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 በዓመት ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያጠቃ ነበር። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። የካርተር ማዕከል ከየአገሩ መንግሥታትና ከመንደር በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ ውሃ በጨርቅ ማጥለልን እያስተማረ በ2024 በመላው ዓለም የተመዘገቡት ሕመምተኞች 15 ብቻ ሆኑ። የእኛዋ ጋምቤላ በሽታው መጨረሻ ላይ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ነች። በአዲስ አበባ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል በምጥ ብዛት ተጎድተው ከሰው የተገለሉ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። ዶክተሯ በ1959 መጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው 2020 ድረስ እዚሁ ኖሩ። ኒያቸውን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ሥራቸውን ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።

ስለ ወጪም ቢሆን «ገንዘቡን ሠራተኛው በላው» የምንለው ነገር ማጣራት ይፈልጋል። እንደምናውቀው ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል በዘካው ላይ የሚሠሩት ይገኙበታል። ይህም የሚሰበስብ፣ የሚጽፍ፣ የሚያከፋፍል ሰው ደመወዝ እንደሚገባው ያሳያል። ኢማሙ ሻፊዒ ግን ድርሻቸው ከስምንት አንድ እጅ እንዳያልፍ አስተማሩ፤ በዛሬ ስሌት ከመቶ 12.5 ማለት ነው። እንዲሁም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ተመልሶ ከፊሉን «ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው» ባለ ጊዜ በአደባባይ ገሥፀውታል። በአባትና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት ነበር ወይ ነው ነገሩ። እንግዲህ ለሠራተኛ መክፈል ይፈቀዳል፤ ልክ አለው፤ በሥራው ሰበብ የሚመጣው ጥቅምም ይጠየቅበታል።

የአገራችንም ሕግ ይህንኑ ልክ ለማበጀት ሞክሯል። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከድርጅቶቹ ወጪ ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማው፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠው ለአስተዳደር እንዲሆን አዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሆኖም በወጣው መመሪያ ስልጠናና ክትትልን የመሰለ ብዙ ሥራ በአስተዳደር ወጪ ተቆጠረና ድርጅቶቹ ክፉኛ አማረሩ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ ለዓላማው የሚያስፈልገውን ወጪ ለይቶ የአስተዳደሩን ጣሪያ 20 በመቶ አደረገው። ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አዋላጅ ነርስን ማሰልጠን ወጪ ቢባልም ሕክምና ነው። ኮፍያ ማደል ደግሞ «ለዓላማው» ተብሎ ቢመዘገብም ኮፍያ ነው።

ጥርጣሬም ሰው ይገድላል

ስለ ኒያ ሲነሳ ሁለት ነገሮችን ሳልጠቅስ ባልፍ አማና እንዳጎደልኩ ይቆጠራል።

አንደኛው የፓኪስታን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የሚፈልገውን ሰው ለማግኘት በአቦታባድ ከተማ የጉበት በሽታ ክትባት ዘመቻ በሽፋንነት አስደረገ። ነገሩ ሲገለጥ ሕዝቡ ክትባት በያዘ ሰው ሁሉ ላይ ጠረጠረ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ምንም የማያውቁ የፖሊዮ ክትባት ሠራተኞች፣ ብዙዎቹም ሙስሊም ሴቶች፣ ተገደሉ። የአሜሪካ መንግሥት በ2014 ክትባትን ዳግመኛ ለስለላ እንደማይጠቀም ቃል ገባ። ቃሉ የመጣው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የካኖ ነው። በሰሜን ናይጀሪያ በካኖ እ.ኤ.አ. በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ አንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ። ወላጆች «ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም» ብለው ከሰሱ፤ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2009 ከካኖ ክፍለ አገር ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ያ ቁስል ሳይሽር በ2003 የፖሊዮ ክትባት ሲመጣ፣ «ልጆቻችንን ሊያመክኑ ነው» የሚል ወሬ ተነዛና ክትባቱ ታገደ። ወሬው ሐሰት ነበር። ክትባቱ በ2004 ቢቀጥልም፣ በመሃሉ ቫይረሱ ድንበር ጥሶ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ የመንና ኢንዶኔዥያ ድረስ ሄደ። ሽባ የሆኑት የማን ልጆች ናቸው? የኛው ናቸው። አፍሪካ ከዚህ ቫይረስ ነፃ ነች የተባለችው በነሐሴ 2020 ነው።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ፣ ጥርጣሬንም እንድናበዛ ሳይሆን እንድንርቅ ታዘናል። ስለዚህ ማንም በእኔ ጽሑፍ ሰበብ የልጁን ክትባት እንዳያስቀር አደራ እላለሁ። ድርጅቱን ጠይቁ፤ ልጁን ግን አስከትቡ።

ደግሞም የሚያመሩትን ማየት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በአንድ ትዕዛዝ አገደ፤ በጁላይ 1 ቀን ዩ ኤስ ኤ አይ ዲ የተባለው የእርዳታ መሥሪያ ቤት ሥራው አበቃ። በአገራችን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። «ይውጡልን» ይሉ የነበሩ ሰዎች መድኃኒት ሊቋረጥ ነው ሲባል ሲደነግጡ አይቻለሁ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ በሌላ ሰው ፊርማ የሚመጣ መድኃኒት በሌላ ሰው ፊርማ እንደሚቀር ነው።

የኢሻው ጥያቄ

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ከድርጅቱ ቢሮ ባዶ እጄን ስመለስ በመስጂዳችን ተነጋግረን ሰደቃ ሰበሰብን። ሰው ከጉድለቱ ሰጠ። 4,860 ብር ሆነና ገንዘብ ያዥ እኔ ተደረግሁ። ልጁ ደሴ ተመላለሰ፤ መርፌውንም ጀመረ። ልቡ ግን ከሚጠገንበት አልፎ ነበር። አዲስ አበባ የቀዶ ጥገና ተራ ተሰጠው፤ ተራው ሳይደርስ በ2000 የረመዳን ዋዜማ አረፈ። አላህ ለእናቱ ሶብሩን ይስጣት።

ገንዘቡ አላለቀም። 1,215 ብር ተረፈ። በአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰባት ወር ተቀመጠ። በመሃሉ የቤት ኪራይ አጠረኝና «እመልሰዋለሁ» ብዬ 300 ብር አነሳሁበት።

አንድ ቀን ማታ ከኢሻ ሶላት በኋላ በር ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ኡስታዝ፣ ያ ገንዘብ ምን ደረሰ?» አሉኝ። ደሜ ፈላ። «አታምኑኝም ወይ?» አልኳቸው፤ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየን። ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ማመንስ እናምንሃለን ልጄ። አላህ እንዳይጠይቅህ ብለን ነው እኛ የምንጠይቅህ» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። የተቆጣሁት ስላልታመንኩ አልነበረም፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው 915 ስለነበረ ነው። ንጹሕ ብሆን ኖሮ ጥያቄው ባላመመኝ። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ሲጠየቅ የሚቆጣ ድርጅት ሳይ፣ የሚሸሽ ኃላፊ ሲገጥመኝ፣ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አስታውሳለሁ።

300ውን ተበድሬ ተካሁ። በሚቀጥለው ጁሙዓ የገቢውንና የወጪውን ዝርዝር በወረቀት ጽፌ በመስጂዱ በር ላይ ለጠፍኩ። ከወጣው 3,645 ብር ውስጥ ደረሰኝ ያገኘሁት ለ2,900ው ብቻ ነበር፤ የቀረውን የአውቶቡስና የምግብ መሆኑን ጽፌ፣ 300 ብር አንስቼ እንደነበረም ጨምሬ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ማንም አልሰደበኝም። የልጁ እናት ወረቀቱን ሰው አስነብባ ከሰማች በኋላ መጥታ፣ «የቀረውን ለሌላ ልጅ አድርጉት። ጉሮሮውን ሲያመው ሳይቆይ ይወጋበት» አለች። እንደዚያው አደረግን። የበጀት ሰነድ አይታ አታውቅም፤ በሽታውን ከየት መያዝ እንደሚገባ ግን ከብዙ ባለሙያ ቀድማ ተናገረች።

ምን እናድርግ?

በልብ ውስጥ ያለውን ኒያ ማየት አይቻለንም፤ እሱ የአላህ ነው። ደረሰኝ ግን ማየት ይቻለናል። ስለዚህ በበሽተኛ ስም ገንዘብ ለሚጠይቀን ሁሉ፣ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ የሌላም ይሁን የኛው ጀማዓ፣ አራት ነገር እንጠይቅ። ካለፈው ዓመት ገንዘብ ለሕመምተኛው የደረሰው ምን ያህል ነው? ሒሳቡን ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ኦዲተር አይቶታል ወይ? ሥራው ሲያልቅ ወይም ገንዘቡ ሲቋረጥ ለሰዉ የሚቀርለት ምንድን ነው? ምን እንደሚያስፈልገውስ ሕመምተኛው ተጠይቋል ወይ? ደግ መልስ ለሰጠ እንስጠው፤ እናመስግነውም። የተቆጣውን እንለፈው፤ ስሙን ግን ያለ ማስረጃ አናጥፋ። ጥፋቱን ራሱ መርምሮ የገለጠውን ደግሞ ከደበቀው እኩል አንቅጣው፤ አለበለዚያ ሁሉም መደበቅን ይማራል።

ስለ 140 ብሩ ልንገራችሁና ልጨርስ። ልመልስ ብዬ ስነሳ ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ከከተማችን ወጥቶ ነበር፤ ቢሮው የእህል መጋዘን ሆኗል። ዑለማዎቻችን ባለቤቱ ያልተገኘ ገንዘብ በባለቤቱ ስም ሰደቃ እንደሚደረግ ያስተምራሉ። የብር ዋጋ ስለወደቀም እጥፍ አድርጌ ለጤና ጣቢያው ጓንት ገዛሁበት። ያቺ ነርስ ተዛውራ ስለነበረ አላየችውም።

ኮፍያው ግን አሁንም ከበሩ ጀርባ አለ። ልጆቼ ሆይ፣ ወደፊትም አትጣሉት። ማታ ማታ በሩን ስዘጋ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ሰጪዎችን ኢኽላስ፣ ተቀባዮችን አማና፣ ጠያቂዎችን ፍትሕ ይስጣቸው። ሕመምተኞቻችንንም ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።